አራተኛ ምርጫዬ የነበረው አርኪዮሎጂ

የትምህርት ክፍል ምርጫ ቅጽ ስንሞላ አርኪዮሎጂን አራተኛ አድርጌ ነበር ያሰፈርኩት። ከፊቱ ኢኮኖሚክስ፣ አካውንቲንግና ጋዜጠኝነት ነበሩ። ምደባው ሲለጠፍ ስሜን አራተኛው ዝርዝር ላይ አገኘሁትና መኝታ ክፍሌ ገብቼ አለቀስኩ። ማታ ለእናቴ ስደውልላት ዝም ብላ ቆየችና «እሱ ደግሞ ምን ያሠራል?» አለችኝ። «የጥንት ነገር ያጠናል» አልኳት። «የጥንት ነገርማ እዚሁ ሞልቶልሽ የለም እንዴ፣ ምን አዲስ አበባ አስኬደሽ?» ብላ ስልኩን ዘጋች። ያኔ የተቆጣች መስሎኝ ነበር።

ያደግኩት መንዝ፣ ከሞላሌ ከተማ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቅ መንደር ነው። በየዓመቱ ምደባ ሲወጣ ከመሐል ሜዳ፣ ከደብረ ሲናና ከደብረ ብርሃን ልጆች በሰው በሰው ስልኬን አግኝተው ይደውሉልኛል። ጥያቄያቸው ሦስት ነው፦ ሒሳብ አለው ወይ? ሥራ ያስገኛል ወይ? ሥራው መቆፈር ብቻ ነው ወይ? በየስልኩ ከምደጋግመው አንድ ጊዜ ልጻፈው ብዬ ነው።

ከመጨረሻው ልጀምር። አርኪዮሎጂን «ሥነ ቁፋሮ» የሚሉት አሉ፤ እኔ ቃሉን አልወደውም፣ ያሳስታል። በተማሪነቴ በእጄ የቆፈርኩባቸው ቀናት ቢደመሩ ሁለት ወር አይሞሉም። ሌላው ጊዜ ያለቀው በማጠብ፣ በመቁጠር፣ በመመዘን፣ በመሳል፣ በመጻፍና ሌላ ሙያ ያለው ሰው ዘንድ ሄዶ በመጠየቅ ነው። ትምህርቱን ከባድም ጣፋጭም የሚያደርገው ይህ የመጨረሻው ነው። የክፍለ ጊዜ ሰሌዳችንን ሳይ የሦስት ትምህርት ክፍሎች ሰሌዳ ተደባልቆ የተለጠፈ መስሎኝ ነበር፦ ጂኦሎጂ፣ የሰው አጥንት፣ ስታቲስቲክስ፣ ጂአይኤስ የሚባለው የኮምፒውተር ካርታ ሥራ፣ ስለ ሰውና ስለ ባህሉ የሚያጠናው አንትሮፖሎጂ፣ የኢትዮጵያ ታሪክ፣ የቅርስ አስተዳደር። በአንደኛ ዓመት «ለማለፍ ብቻ» ብዬ የወሰድኳቸው የማኅበራዊ ሳይንስ ሒሳብ፣ ጂኦግራፊና አንትሮፖሎጂ ሁሉም ተመልሰው መጡብኝ። እዳ እንደጠየቁኝ ቁጠሩት።

አንድ ገል ጠረጴዛ ላይ ብታስቀምጡ ነገሩ ቶሎ ይገባችኋል። የጂኦሎጂ መምህሩ ስብራቱን በአጉሊ መነጽር አይቶ ሸክላው ውስጥ የተቀላቀለው አሸዋ ከየትኛው ድንጋይ እንደመጣ ይናገራል። የኬሚስትሪው ሰው በሸክላው ውስጥ የሰረገውን ቅባት ሊያወጣ ይፈልጋል። አንትሮፖሎጂስቷ ማን ሠራው፣ ማን ገዛው ትላለች። የታሪኩ መምህር ገሉ የተገኘበት ቦታ በየትኛው ዜና መዋዕል ተጠቅሶ እንደሆነ ያስባል። ስታቲስቲክስ የሚያስተምረው ደግሞ «አንድ ገልማ ምንም አይነግርም፣ ስንት አላችሁ?» ይላል። እናንተ መሐል ላይ ትቆማላችሁ። የእያንዳንዳቸውን ሙያ እስከ ጥጉ ማወቅ አይጠበቅባችሁም፤ ለእያንዳንዳቸው ትክክለኛውን ጥያቄ ማቅረብ ግን ግዴታችሁ ነው። እኔ ይህን ለመረዳት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ስትራቲግራፊ የሚባለው የአፈር ድርብርብ ትምህርት ለሦስት ሳምንት ክፍል ውስጥ ተሰጥቶኝ አልገባኝም ነበር። ከታች ያለው ይቀድማል፣ ከላይ ያለው ይከተላል፤ ይህማ ለማን ይጠፋዋል? የገባኝ ቤተሰብ ልጠይቅ የሄድኩ ጊዜ ነው። ታናሽ ወንድሜ ከቤታችን ጀርባ የመጸዳጃ ጉድጓድ ይቆፍር ነበር፤ ቦታው እናቴ፣ ከእሷም በፊት አያቴ አመድ ሲደፉበት የኖረ ነው። ወርጄ የጉድጓዱን ግድግዳ በቢላ ጠረብ ጠረብ ሳደርገው እንደ መጽሐፍ ገጽ ተለየልኝ። ከላይ ስንዝር በማትሞላው ንጣፍ ጥቁር ፌስታል፣ ያለቀ የባትሪ ድንጋይና የቢራ ቆርኪ አለ። ከዚያ በታች ፌስታል የሚባል ነገር የለም፤ ነጭ አመድ፣ የበግ አጥንት፣ የጀበና አንገት። ዝቅ ሲል የሁለት ጣት ውፍረት ያለው ቀላ ያለ የተቃጠለ አፈር ዳር እስከ ዳር ተዘርግቷል። እናቴን ጠርቼ ባሳያት አጎንብሳ አየችውና «የድሮው ማድ ቤት የተቃጠለ ጊዜ ነው፤ አንቺ አልተወለድሽም» አለች። ከዚያ ከቀዩ አፈር በጣም ዝቅ ብሎ አንድ የላስቲክ የሸሚዝ ቁልፍ አገኘሁ። ግራ ገባኝ። ቁልፉን ያገኘሁበትን አፈር በደንብ ስመለከተው ቀለሙ ከዙሪያው ይለያል፣ ክብ ነው፣ ልል ነው፤ ፍልፈል የቆፈረው ጉድጓድ ኖሯል። የአገራችንን ደጋ የሚያውቅ ሰው ፍልፈል በአንድ ክረምት ምን ያህል አፈር እንደሚገለብጥ ያውቃል። «ከታች ያለው ይቀድማል» የሚለው ሕግ ፍልፈል የሌለበትን አገር ይፈልጋል።

እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ኒያላ ያለበት የአሥር ሳንቲም ወድቆ ነበር፤ 1969 ይላል። በደስታ «ይህ ንጣፍ የ1969 ነው» ብዬ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ትምህርት ቤት ስመለስ መምህሬ በቀይ እስክሪብቶ አሰመረበትና «ያ ሳንቲም እስከ መቼ ነው ሰው ኪስ ውስጥ የነበረው?» ብሎ ጠየቀኝ። እውነት ነው፤ እኔም ራሴ በልጅነቴ ከረሜላ ገዝቼበታለሁ። ሳንቲሙ የሚናገረው ንጣፉ ከ1969 እንደማይቀድም ብቻ ነው። የአያቴን ጠገራ ብር ሳስበው ደግሞ ነገሩ ባሰ። ጠገራ በምንለው የማርያ ተሬዛ ብር ላይ የሚነበበው ዓመት ሁልጊዜ 1780 ነው፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፤ ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ያንኑ ዓመት እየያዘ ሲመታ ኖሯል። አልዩ አምባ ገበያ ላይ ጨርቅ የተገዛበት ጠገራ በቁፋሮ ቢገኝና ያላወቀ ሰው ቢያነበው መቶ ዓመት ይሳሳታል። ይህን የሚነግራችሁ አፈሩ ሳይሆን የገንዘብ ታሪክ ነው።

አሁን ጥፋቴን ልናገር፤ ብዙዎቻችሁ ትደግሙታላችሁና። ሦስተኛ ዓመት ሆኜ ቤተሰብ ጋር ሄጄ ሳለ በታረሰ ማሳ ውስጥ የተጫረ ጌጥ ያለበት ጥቁር ገል አገኘሁ። ጠርዙ ሙሉ ነው፤ ያምራል። በነጠላዬ ጫፍ ጠቅልዬ ወሰድኩት። ለመምህሬ ሳሳየው ዓይኑ በራ፤ ከዚያ «ከየት?» አለኝ። «ከእኛ አገር»። «ከእኛ አገር የት?» «ከወንዙ ማዶ ካለው እርሻ»። «ከየትኛው ትልም? አጠገቡ ምን ነበር? ስንት ሌላ ገል ነበር? ቁልቁለት ነው ሜዳ? ጎርፍ ያመጣው ይሆን?» አንዱንም አላውቅም። ገሉን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠው። እስክመረቅ ድረስ እዚያው ነበር፤ ቁጥር የለው፣ ካርድ የለው። ያለሁበትን የጂፒኤስ ነጥብ ይዤ፣ በስልኬ ፎቶ አንሥቼ፣ ገሉን እዚያው ብተወው ኖሮ አንድ የማይታወቅ ቦታ ለአገር አስመዘግብ ነበር። በኋላ ሄጄ ፈለግሁ፤ ማሳው ሁለት ጊዜ ታርሷል።

ስለ ሕጉ እዚሁ ላይ ልጨርስ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ለመፈለግም፣ ለማጥናትም፣ ለመቆፈርም በቅድሚያ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል። ቤት ሲሠራ ወይም ሲታረስ ቅርስ ያገኘ ሰው ደግሞ ባለበት ጠብቆ ወዲያው ማሳወቅ አለበት። ተማሪ ነኝ፣ የአገሬው ልጅ ነኝ ማለት አያድንም። የአገሬው ልጅ መሆን እንዲያውም ፈተና አለው። ከመምህሮቻችን ጋር ፈቃዱን ይዘን አንድ የድንጋይ ቁልል ለመለካት ስንወጣ ሽማግሌዎች መንገድ ላይ ጠበቁን። አንዱ፣ የአባቴ ጓደኛ ናቸው፣ ለብቻዬ ጠሩኝና «ልጄ፣ እውነቱን ለእኔ ንገሪኝ፤ ወርቁ ከየት በኩል ነው?» አሉኝ። «አባባ፣ ወርቅ የለም፤ ልንለካ ነው የመጣነው» ብላቸው «ለመለካት ይህን ያህል ሰው?» ብለው አላመኑኝም። እንዲያምኑኝ ያደረገው የሜትሩን ጫፍ እሳቸው እንዲይዙት መደረጉ ነው። እስከ ማታ አብረውን ዋሉ፤ ቁጥር በስህተት ስንጽፍ የሚያርሙንም እሳቸው ሆኑ። ሰው የሚሠራውን ሲያይ ጥርጣሬውን ይተዋል፤ በደብዳቤና በማኅተም ግን ማንም ልቡ አያርፍም።

የድንጋይ ቁልሉ ነገር ካነሣሁት አይቀር፣ ለእኛ አገር ልጅ ከሁሉ የሚጠቅመው ምሳሌ እሱ ነው። በመንዝና በአካባቢው ከፍታዎች ላይ የሚታዩት እነዚያ የአፈርና የድንጋይ ጉብታዎች ብዙዎቹ መቃብሮች ናቸው። ተመራማሪዎች ከ10ኛው እስከ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሉትን፣ መሻላ ማርያም ላይ የተቆፈረውን ጨምሮ፣ በወንዝ ስም «የሻይ ባህል» ብለው ጠርተዋቸዋል። እናቴ ስሙን ስትሰማ «ያን ጊዜ ሻይ ነበር እንዴ?» ብላ ሳቀች፤ እኔም ከዚያ ወዲህ ያለ ሳቅ ልጠራው አልቻልኩም። ሟቾቹ ከሸክላ ዕቃና ከመስታወት ዶቃ ጋር ተቀብረዋል። ዶቃው እዚህ አልተሠራም። ስለዚህ የመስታወቱን ቅመም የሚመረምር ኬሚስት፣ አጥንቱን አይቶ ዕድሜና ጾታ የሚለይ ባለሙያ፣ ንግድ ከባሕር ዳርቻ እስከ ደጋው በየት በኩል እንደሚወጣ የሚያውቅ የታሪክ ሰው ያስፈልጋል። ከገደሉ በታች ሸዋ ሮቢት በኩል ቆላው ውስጥ ደግሞ እንደ ኖራ ያሉ የይፋት ሡልጣኔት ዘመን የእስላም ከተሞች ፍርስራሾች አሉ፤ መስጊዱ፣ ቤቱ፣ የመቃብሩ ድንጋይ። እዚያ ለመሥራት ዐረብኛ ያስፈልጋል። ደጋው ላይ ለመሥራት ግእዝ። በአንድ ዞን ውስጥ፣ በአንድ ቀን የመኪና መንገድ ሁለት ፊደል፣ ሦስት የዘመን አቆጣጠር። የእኛን፣ የፈረንጁንና የሂጅራውን እያቀያየርኩ ስጽፍ አንድ ጊዜ ይፋትን ገና ሳይመሠረት አፈረስኩትና ከዚያ በኋላ መሠረትኩት። ከዚያ ወዲህ በደብተሬ ላይ ከየዓመቱ ጎን የማን አቆጣጠር እንደሆነ ሳልጽፍ አልፌ አላውቅም።

ወደ ሒሳቡ። አዎ፣ አለው። ግን የምታስቡት ዓይነት አይደለም። በራዲዮካርቦን ዕድሜ መለካት የሚቻለው፣ ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ውስጥ የሚገኘው ካርቦን 14 ከሞት በኋላ በታወቀ ፍጥነት ስለሚቀንስ ነው፤ በ5,730 ዓመት ግማሹ ይሄዳል። አንድ ሺህ ዓመት የሞላው ከሰል ያጣው ከመነሻው 11 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ከ50 ሺህ ዓመት በላይ ሲሆን የሚለካ ነገር ስለማይተርፍ ለድንቅነሽ ዓይነቱ የ3.2 ሚሊዮን ዓመት ታሪክ ሌላ ዘዴ፣ የእሳተ ገሞራ አመድን የሚለካ፣ ይፈለጋል። ቀመሩን ኮምፒውተር ይሠራዋል። ኮምፒውተር የማይሠራው «ምን ልኬ ላስለካ?» የሚለውን ነው። እዚህ ላይ ነው የመንዝ ልጅነቴ የጠቀመኝ። መንዝ እንጨት የለም። አያቴ ቤታቸውን ሲያፈርሱ ምሰሶውን አያቃጥሉም፤ ለአዲሱ ቤት ያቆሙታል፣ ሲያረጅ ለበረት ያደርጉታል፣ መጨረሻ ላይ ነው ምድጃ የሚገባው። የዚያን ምሰሶ ከሰል ብታስለኩ የሚነግራችሁ ዛፉ ያደገበትን ዘመን ነው፤ እሳቱ የነደደበት ከዚያ መቶ ዓመት ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ ከወፍራም ከሰል ይልቅ አንዲት የተቃጠለች የገብስ ቅንጣት ትመረጣለች፤ ገብስ የአንድ ክረምት ዕድሜ ነውና።

ቅንጣቷን ለማግኘት ደግሞ አፈሩን ውኃ ውስጥ መበተን ነው። ከበርሜሉ አፍ ላይ የተቃጠለው ዘርና ከሰል ይንሳፈፋል፣ አፈሩ ይዘቅጣል፤ የተንሳፈፈውን በጨርቅ ወንፊት ትይዙታላችሁ። ወንፊቱ የአምስት ሚሊ ሜትር ከሆነ ጤፍ የሚባል እህል በአገራችን ታይቶ እንደማያውቅ ትደመድማላችሁ፤ የጤፍ ፍሬ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ናትና። ለዚህ ሥራ ውኃ በአህያ ከምንጭ ነበር የምናመጣው፤ የመጀመሪያው ቀን ላይ አህያዋ በርሜሉን ከነውኃው ደፍታብን ግማሽ ቀን ከሰረ።

ያወጣሁትን ዘር ፎቶ አንሥቼ ለእናቴ አሳየኋት። ገለፈት ያለውንና የሌለውን ገብስ ለይታ «ይህኛው ሰነፍ ቆሎ ይመስላል» አለችኝ፤ ለመቁላት የማያስቸግረውን ማለቷ ነው። ከዚያ ፎቶውን እየጎተተች የሣሩን ጥቃቅን ዘር አየች። እኔ ያንን «በረሀብ ጊዜ የተበላ የዱር እህል» ብዬ ማስታወሻ ይዤበት ነበር። «ይህማ ከኩበቱ ነው» አለች። ላም የበላችው ሣር ዘሩ ከእበቱ ጋር ይወጣል፤ እበቱ ኩበት ሆኖ ይነድዳል፤ ዘሩም ምድጃ ውስጥ ይከስላል። በኋላ ሳነብ የእጽዋት አርኪዮሎጂ ባለሙያዎች በዚሁ ነገር ላይ ለዓመታት ሲከራከሩ የኖሩ መሆናቸውን አየሁ። እናቴ ክርክር መኖሩንም አታውቅም።

የአጥንቱን በአጭሩ። የበግና የፍየል አጥንት እጅግ ስለሚመሳሰል በዘገባ ላይ ብዙ ጊዜ «በግ ወይም ፍየል» ተብሎ በአንድ ይመዘገባል። ለመለየት ማነጻጸሪያ ያስፈልጋል፤ ትምህርት ቤታችን የነበረው ስብስብ ደግሞ ግማሹ ጠፍቶ ነበር። ስለዚህ ለፋሲካ የታረደውን በግ አጥንት አንድም ሳይቀር ሰበሰብኩ፣ ቀቀልኩ፣ ጣሪያ ላይ አሰጣሁ፣ በእያንዳንዱ ላይ በቀጭን እስክሪብቶ ቁጥር ጻፍኩ። ጎረቤት «ልጅቷን ምን ነካት?» ማለቱ አልቀረም። ውሻችን ሁለት የኋላ እግር አጥንት ስለሰረቀኝ ስብስቡ እስከ ዛሬ ጎዶሎ ነው። ያም ሆኖ ያ የመንዝ በግ ከማንኛውም የመማሪያ መጽሐፍ ሥዕል የበለጠ አስተምሮኛል፤ ውሻው እንኳ ቁፋሮ ላይ አንዳንድ አጥንት ለምን እንደሚጎድል አሳይቶኛል።

የመመረቂያ ጽሑፌን የሠራሁት በሸክላ ላይ ነው። ቅዳሜ ገበያ ላይ ድስትና ምጣድ ዘርግተው ከሚሸጡት ሴቶች አንዷን፣ ሰው «እትዬ» ሲላቸው የምሰማቸውን፣ እኔም እትዬ ብዬ ተጠጋኋቸው። ሸክላ ሠሪ በአገራችን እንዴት እንደሚታይ ታውቃላችሁ፤ ዕቃቸው እያንዳንዱ ቤት አለ፣ እነሱ ግን ማዕድ አይጋበዙም። «ምን ልትጽፊብኝ ነው?» ነበር የመጀመሪያ ቃላቸው። ሦስት ቅዳሜ ስመላለስ ሲያዩኝ ቤታቸው ወሰዱኝ።

ሸክላ የሚዞርበት መንኮራኩር የለም፤ ሁሉም በእጅ ነው። ጭቃውን በእግራቸው ሲረግጡ አንድ ደረቅ ገል በድንጋይ አድቅቀው ደባለቁበት። «ይህ ካልገባበት እሳት ላይ ይፈነዳል» አሉ። እኛ ክፍል ውስጥ ለዚያ ነገር በስላይድ ላይ የሚጻፍ የፈረንጅ ስም ነበረን። ከዚያ ድስቱን በጣታቸው እያሳደጉ፣ በለሰለሰ የወንዝ ድንጋይ እያሹት ሲያብረቀርቁት አንድም ቃል አልተናገሩም። የደረቀውን ደግሞ አንሥተው በጥፍራቸው ኳ አደረጉት፤ ሰሙት፤ ወደ ጎን አስቀመጡት። ለእኔ ምንም አልታየኝም። «ድምፁ ታፍኗል፤ ውስጡ ተሰንጥቋል» አሉ። በነጋታው ተሰነጠቀ።

ያን ሰሞን ክፍል ውስጥ የምንማረው በሸክላ ውስጥ የሰረገ ቅባትን በኬሚስትሪ ስለማውጣት ነበር። ከምጣድ ገል ላይ የጎመን ዘር ዘይት ቢገኝ ምን እንላለን ተብሎ ተጠየቀ። አንዱ የጎመን ዘር ይበሉ ነበር አለ፤ ሌላው ዘይት ይጨምቁ ነበር አለ። እኔ እጄን አወጣሁና «ምጣዱን ሲያሟሹት ነዋ» አልኩ። አዲስ ምጣድ እንጀራው እንዳይጣበቅበት በተወቀጠ ጎመን ዘር ተሽቶ እንደሚሟሽ ክፍሉ ውስጥ ከነበርነው ይህን እያየ ያደገ ሁሉ ያውቃል፤ ግን ማንም «ይህ መልስ ይሆናል» ብሎ አላሰበም። የጋንም ነገር እንዲሁ ነው። ውስጡ የጠቆረ ጋን ስታገኙ ምግብ ተበስሎበታል ለማለት አትቸኩሉ፤ ጠላ ሊጠመቅበት በግራዋ ታጥቦ በወይራ ጢስ ታጥኖ ይሆናል። በጋሞ የተሠራ ጥናት አንብቤ ከራሳችን ጋን ጋር አስተያየሁት፤ መጠጥ የሚፈላበት ማሰሮ ውስጡ በአሲዱ እየተበላ ይቦረቦራል፤ ውኃ የሚቀዳበት እንስራ እንደዚያ አይሆንም። ተቦርቡሮ የተገኘ ገል የሚበዛበት ቤት ጠላ ለመጥመቅ የሚተርፍ እህል ነበረው ማለት ሊሆን ይችላል። ይህን ያሰላሰልኩት በእናቴ ጓዳ ውስጥ እጄን ጋን ውስጥ ከትቼ ግድግዳውን እየዳበስኩ ነው።

እትዬ አንድ ቀን ገሎቼን በቁጥር ደርድሬ ስመዝን አይተው «ለሰባራው ይህን ያህል ከተጨነቃችሁ ደህናውን ለምን አትገዙም?» አሉኝ። ሁለት ድስት ገዛሁ። አንዱን ሆን ብዬ ሰበርኩት፣ ለማነጻጸሪያ። ይህን ለእሳቸው አልነገርኳቸውም።

ሥራ ያስገኛል ወይ ለሚለው፦ ብዙ አያስገኝም፤ ዋሽቼ አላስገባችሁም። ሙዚየም፣ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች፣ ዩኒቨርሲቲ፣ በመንገድና በግድብ ግንባታ ጊዜ የሚደረግ የቅርስ ዳሰሳ፣ ከውጭ ቡድኖች ጋር የወቅት ሥራ፤ ይኸው ነው። ከተመረቅሁ በኋላ አንድ ቢሮ ስምንት ወር ዕቃ መዝጋቢ አድርጎ አሠርቶ የሁለት ወር ደመወዜን ሳይከፍለኝ ቀርቷል። ባለፉት ዓመታት ደግሞ በአካባቢው በነበረው ግጭት ለመስክ መውጣት አልተቻለም፤ ለካሁት ያልኳችሁን ቁልል መልሼ አላየሁትም። ከእኔ ጋር ከተመረቁት መካከል ቶሎ ሥራ ያገኙት ከአርኪዮሎጂው ጎን ሌላ አንድ እጅ የያዙት ናቸው፦ አንዱ ጂአይኤስ፣ አንዷ የአጥንት ሥራ፣ አንዱ ግእዝና ብራና። ሁሉንም በጥቂት በጥቂቱ የቀመሰ፣ አንዱንም ያልጨበጠ ግን ወረፋ ላይ ነው። ሁለተኛውን እጅ እስከ ሦስተኛ ዓመት መጀመሪያ ድረስ ምረጡት፤ የዚያ ትምህርት ክፍል መምህር ዘንድ ሄዳችሁ ክፍሉ ውስጥ ልቀመጥ ብላችሁ ለምኑ። እኔ ወደ እጽዋት ላብራቶሪ የገባሁት ብልቃጥ በማጠብ ነው።

ሌላው ቀላል ነገር ነው። ወደ ዩኒቨርሲቲ ከመሄዳችሁ በፊት ከቤት የምትይዙት ይኑር። የበግና የፍየል ጥርስ፤ ከየማሳው የተለያየ ገብስ፣ ባቄላ፣ ስንዴና እንክርዳድ በየፖስታው፣ የቦታውና የወሩ ስም ተጽፎበት፤ የሽማግሌ ድምፅ በስልክ ተቀድቶ፣ ጉብታው ማን ሠራው እንደሚሉ፣ ግራኝ ቢሉም ሌላ ቢሉም ሳታርሙ። በተለይ ስሞችን። እኔ የበጉን አጥንት ሰብስቤ፣ ዘሩን በፖስታ አድርጌ፣ እናቴ በአንድ ምሽት እሳት ዳር የቆጠረችልኝን የገብስ ስሞች ግን «ሌላ ጊዜ እጽፈዋለሁ» ብዬ ተውኩት። ያን ምሽት ከአሥር በላይ ነበሩ። ባለፈው ሳምንት ደውዬ ስጠይቃት ስድስት ነገረችኝ፤ «ሌላውን እነ አክስትሽ ያውቁት ነበር» አለች።